«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት»፤ ካልነገሩህስ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ወደምንገናኝበት ቡና ቤት ስለ መገናኛ ብዙኃን ወገንተኝነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ይዞልኝ መጣ። ጸሐፊው እንደ እኔ የጅማ ነዋሪ ናቸው። ጽሑፋቸው በጥንቃቄ የተዘጋጀ፣ ማንንም የማይዘልፍና ቋንቋው የታረመ ስለ ሆነ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሆኖም በዋናው መደምደሚያቸው ልስማማ አልቻልሁም። ጽሑፉን ላላገኘው አንባቢ ነጥቦቻቸውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ዜናው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እውነት እስከ ሆነ ድረስ ወገንተኛ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም ይላሉ። የጅማ አድማጭ የሰማውን አበጥሮና አንጠርጥሮ የሚቀበል ብልህ ሰው ስለ ሆነም የመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ የሚባለው የተጋነነ ነው ይላሉ፤ ለዚህም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለውን የአበው አባባል ይጠቅሳሉ። ስለ ወገንተኝነት የሚያማርር ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ ወገንተኛ ነው፣ ከሁለቱም ወገን ሰምቶ መካከሉን የያዘ አይሳሳትም፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ ለመንግሥት ቢናገር የሚያስደንቅ ነገር የለውም፣ ሁሉም ሰው ስልክ በያዘበት ዘመን ደግሞ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አድልዎ ያረጀ ጭቅጭቅ ነው ሲሉም ያክላሉ። በመካከሉም ስያሜ ቀላል ነገር ነው፣ ሰው በቃል አይለወጥም ይላሉ። በመጨረሻም ተጽዕኖ አለ የሚል ካለ በቁጥር ያሳየኝ ብለው ይዘጋሉ።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን በግማሽ እቀበላለሁ፤ ሌሎቹን አልቀበልም። የማልቀበልበትም ምክንያት በመሠረቱ አንድ ነው። ጸሐፊው ወገንተኝነትን የሚፈልጉት በተነገረው ውስጥ ነው፤ እኔ ግን በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ጋዜጣ ሳስነብብና ማታ ማታ ሬዲዮ ስሰማ የተረዳሁት፣ ወገንተኝነት በብዛት የሚያድረው በምርጫው፣ በቅደም ተከተሉ፣ በስያሜውና ከሁሉም በላይ በዝምታው ውስጥ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና። እውነት የሆኑ ነገሮች ብቻ ተሰብስበው ወገንተኛ ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ ከራሳችን ታሪክ የበለጠ የሚያስተምር ያለ አይመስለኝም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎው ረሃብ ላይ የሠራውንና በጥቅምት ወር 1966 በእንግሊዝ አገር የታየውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ የታየው ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብ በሚያልቁት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ እና የንጉሡ ውሾች ሥጋ ሲመገቡ የሚያሳዩ ምስሎች እየተሰኩ እንዲታዩ ተደርጎ ነበር። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መንግሥት ረሃቡን መደበቁም እውነት ነበር፤ ግብዣውም ውሾቹም እውነት ነበሩ። ሥራውን የሠራው ምስሎቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ነው። በማግሥቱ ንጉሡ በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ሲወሰዱ በየመንገዱ የቆመው ሰው «ሌባ!» እያለ ሲጮህ፣ ከጩኸቱ ውስጥ ምን ያህሉ የረሃቡ፣ ምን ያህሉ የዚያ አቀማመጥ ውጤት እንደ ነበር ለይቶ የሚነግረን የለም። ይህን ስል ንጉሡ ሊወርዱ አይገባም ነበር ማለቴ አይደለም። የምለው፣ በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን የዚያ ምሽት ዝግጅት አንዳች ወገንተኝነት የሌለበት ሥራ ሆኖ ያልፋል ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያሳልፍ ወንፊት ደግሞ ለማበጠር አይሆንም።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ያው እጅ ረሃብን ለማሳየት ሳይሆን ላለማሳየት ዋለ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበርና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት የአገር ውስጡ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ጋዜጣ ያተኮሩት በበዓሉ ላይ ነበር፤ በዚያው ጊዜ በሰሜን ሕዝብ እያለቀ ነበር። ዓለም ነገሩን በስፋት ያወቀው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ የዘገበውና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸው ዜና በቢቢሲ ሲተላለፍ ነው። ያ ዜና የብዙ ሰው ሕይወት ለማትረፍ ምክንያት ሆኗል፤ ምስጋናውን አልነፍገውም። ይሁንና ያው እውነተኛ ምስል በተራው ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ብቸኛ መልክ ሆኖ ቀረ። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ጫካው፣ ቡናውና ዝናቡ በዚያ ምስል ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። በዚያው ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንዲሰፍር ሲደረግ፣ ከፋም ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር። የአገር ውስጡ ሬዲዮ ስለ ሰፈራው ሲናገር የሚያወራው ስለ ስኬቱ ነበር፤ ሰዎቹ ምን ትተው፣ ማንን ቀብረው እንደ መጡ የሰማነው ከራሳቸው አፍ ነው። ከውጭ የመጣው ዜና ስለ ረሃቡ፣ ከውስጥ የሚወጣው ዜና ስለ በዓሉና ስለ ስኬቱ ይናገር ነበር፤ በሁለቱም ውስጥ ብዙ እውነት ነበረ፤ ሁለቱም ግን የራሳቸውን ቁራጭ እንደ ሙሉው አድርገው አቀረቡ።

ጸሐፊው አንባቢ ሰው ስለ ሆኑ በአማርኛ ዜና ውስጥ ግሦች እንዴት እንደሚታደሉ ሳያስተውሉ የቀሩ አይመስለኝም። ባለሥልጣን «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አስገነዘቡ» ይባላል። ነዋሪ «ቅሬታ አቀረበ» ይባላል። ተቃዋሚ ደግሞ «ከሰሰ» ወይም «ወነጀለ» ይባላል። «የገለጸ» ሰው የሚያውቀውን እውነት ግልጽ አደረገ ማለት ነው፤ የተናገረው ነገር ትክክል መሆኑ በግሡ ውስጥ አስቀድሞ ተፈርዶለታል። «የወነጀለ» ሰው ግን ገና ማስረዳት የሚጠበቅበት ነው። ሁለቱ በእጃቸው የያዙት ማስረጃ አንድ ያህል ቢሆን እንኳ አድማጩ ዘንድ ሲደርሱ እኩል አይሆኑም። አንቱታውም እንዲሁ ነው፤ ባለሥልጣኑ «ተናገሩ» ሲባል በዕድሜ አባቱ የሚሆን ገበሬ «ተናገረ» የሚባልበት ዜና ሰምቼ አውቃለሁ፤ ያ አንድ ፊደል የማን ቃል ሊከበር እንደሚገባ ለሕፃን ሳይቀር ያስተምራል። «የሦስት ሰዎች ሕይወት አለፈ»፣ «ሦስት ሰዎች ተገደሉ»፣ «እነ እገሌ ሦስት ሰዎችን ገደሉ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮችም ስለ አንድ ቀንና ስለ አንድ ቦታ ሊነገሩ ይችላሉ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ግን ገዳይ ቀርቶ መግደል የለም፤ በሁለተኛው መግደል አለ፣ ገዳይ የለም። የዋጋ ጭማሪ «የዋጋ ማሻሻያ» ሲባልስ ምን እንላለን? መሻሻል በአማርኛችን ወደ በጎ መለወጥ ነው፤ ለከፋዩ ሰው የወጪው መጨመር በጎ የሚሆንበትን መንገድ አላውቅም። ዜናው ውስጥ ያለው ቁጥር ትክክል ነው፤ ቃሉ ግን ወገን ይዟል።

ከራሴ ሰፈር አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ሰፈር ቧንቧው ለሦስት ሳምንት ያህል ደርቆ በነበረበት ጊዜ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጣቢያ የከተማውን ውኃ የሚመለከት ዜና አቀረበ። የአንድ ማስፋፊያ ሥራ አብዛኛው ክፍል መጠናቀቁን፣ ሲያልቅም ብዙ ሰፈሮችን እንደሚያዳርስ አንድ ኃላፊን ጠቅሶ ተናገረ። ሐሰት ነው ብዬ የምጥለው አንድም ዐረፍተ ነገር አላገኘሁበትም። ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ከሰፈር ሰፈር ስለሚዞሩት እናቶች ግን አንድ ቃል አልነበረውም። አዲስ አበባ ያለች እህቴ በማግሥቱ ደውላ «ውኃችሁ ተስተካከለላችሁ አይደል?» አለችኝ። ከዚህ የባሰው እኛው ራሳችን ዜናውን ሰምተን የደረስንበት ድምዳሜ ነው፤ ችግሩ የእኛ ሰፈር ብቻ ነው፣ የኛ መስመር ተበላሽቶ ይሆናል ብለን አመንን። ሌሎች ሰፈሮችም እንደኛው እንደ ነበሩ ያወቅነው ቆይቶ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስንጨዋወት ነው። ዝምታ የሚያደርሰውን ጉዳት ያኔ በደንብ አየሁት፤ አንድ ዓይነት ችግር ያለበትን ሕዝብ እያንዳንዱ ብቻውን እንደ ተቸገረ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ወደ አድማጩ ብልህነት ልለፍ። የጅማ ሰው ብልህ ነው የሚለውን አልከራከርም። ጸሐፊው የጠቀሱትን አባባል ግን እንደገና እንዲያነብቡት እጠይቃለሁ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ነው የሚለው። መላ የሚጨመረው ለተነገረ ወሬ ነው፤ ላልተነገረው መላ ማን ይጨምርበታል? የቀረበለትን እህል አበጥሮ እንክርዳዱን የሚለይ ሰው፣ ከጎተራው ያልወጣውን እህል ሊያበጥር አይችልም። በእኛ ሰፈር የነበርነው ሰዎች ሁላችንም የምናመዛዝን ነን፤ ያመዛዘንነው ግን በተሰጠን ሚዛን ነበር።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ወቅት ማክስዌል ማኮምስ እና ዶናልድ ሾው የተባሉ ምሁራን በሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን የአገሪቱ ዋና ዋና ጉዳዮች ምን ምን እንደሆኑ ጠየቁ። በሌላ በኩል እነዚያ መራጮች የሚከታተሏቸው ጋዜጦችና ጣቢያዎች ለየትኛው ጉዳይ ምን ያህል ቦታ እንደሰጡ ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት ውጤት ሁለቱ ዝርዝሮች እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸውን አሳየ። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ በጉዳዮቹ ላይ የየራሳቸው አቋም ነበራቸው። ስለ የትኛው ጉዳይ ማሰብ እንደሚገባቸው ግን በአመዛኙ ሌላ ሰው ወስኖላቸው ነበር።

ብልህነት ከአቀራረብ ተጽዕኖ እንደማያድንም ታይቷል። አሞስ ትቨርስኪ እና ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት 600 ሰው ሊገድል የሚችል በሽታ መጣ እንበል ብለው ተማሪዎችን አማራጭ እንዲመርጡ ጠየቁ። አንደኛው እርምጃ «200 ሰው ይድናል» ተብሎ ሲቀርብላቸው ከመቶ 72 የሚሆኑት መረጡት፤ ለሌላ ቡድን ያው እርምጃ «400 ሰው ይሞታል» ተብሎ ሲቀርብ የመረጡት ከመቶ 22 ብቻ ነበሩ። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል በሒሳብ ደረጃ አንዳች ልዩነት የለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነን ማለታቸው አላዳናቸውም፤ እኔንም ጸሐፊውንም ያድነናል ብዬ አላስብም።

ጅማ ለምንኖር ሰዎች ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው የቡናው ነገር ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1977 ተመዝግቦ የነበረውን ክብረ ወሰን አለፈ፤ በየካቲትም አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደረሰ። በውጭ ጣቢያዎች ዘንድ ይህ በአብዛኛው የተነገረው እንደ መጥፎ ዜና ነው፤ ስኒ ቡናው ተወደደ፣ ጠጪው ተቸገረ ተባለ። የአገር ውስጡም ካሜራ ቢሆን ስለ ቡና ዋጋ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከተማ፣ ስኒ ፊት ነው። በጅማ ዙሪያ፣ ጎማ፣ ማና ወይም ሊሙ ያለ ገበሬ ዘንድ ቢቆም ኖሮ ያው ቁጥር ሌላ ፊት ይኖረው ነበር፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስገባ፣ ቆርቆሮ የሚያለብስ ዜና ይሆን ነበር። ነገሩን ገልብጠን ደግሞ እንየው። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ዋጋው በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ በአገራችን ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉ ገበሬዎች ነበሩ። ያን ጊዜ በጠጪው አገር ሬዲዮ የሰማሁት ጩኸት በ2017 ከሰማሁት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ማንም አልዋሸም፤ ዜናው የቆመበት ቦታ ግን ለማን እንደሚራራ አስቀድሞ ወስኗል። የጅማ ገበሬ ልጅ ስለ ቡና የሚሰማው ዜና ሁሉ ከጠጪው ወገን ሆኖ ሲነገረው ካደገ፣ የአባቱን ትርፍ እንደ ሌላው ሰው ጉዳት ማየት ይለምዳል። ይህ የአድማጭ ሞኝነት አይደለም።

በግማሽ እቀበለዋለሁ ያልሁት ሦስተኛውን ነው። ስለ ወገንተኝነት የሚያማርር ሰው ራሱ ወገንተኛ ሊሆን እንደሚችል እውነት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ቫሎኔ፣ ሊ ሮስ እና ማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በሊባኖስ በሳብራና ሻቲላ ስለ ተፈጸመው ጭፍጨፋ የተላለፉ ተመሳሳይ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለእስራኤል ለሚቆረቆሩና ለዐረቦች ለሚቆረቆሩ ተማሪዎች አሳዩ። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ዜና እኛን የሚጎዳ፣ ሌላውን የሚጠቅም ነው አሉ። እኔም ስለምወደው ነገር የሚነገር ዜና ስሰማ ልቤ እንደዚያው እንደሚያደላ አውቃለሁ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ስሞታው ሁሉ ከንቱ ነው ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። ስለ ሚዛን የሚከራከሩ ሰዎች ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ሚዛኑ ራሱ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ከጥናቱ የሚወሰደው ትምህርት ስሜታችንን ትተን የሚቆጠር ነገር እንቁጠር ነው። የምርጫ ታዛቢ ቡድኖች በየአገሩ የአየር ሰዓትን በደቂቃ እየለኩ ለየትኛው ፓርቲ ስንት እንደተሰጠ የሚመዘግቡት ለዚሁ ነው።

ከሁለቱም ወገን ሰምቶ መካከሉን መያዝ የሚለውን አራተኛ ነጥብ በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቡና ገበያችን መልሱን ያውቀዋል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ነጋዴው ይህ የቀረበው 13 ኪሎ ነው ቢል፣ ገበሬው ደግሞ 17 ሞልቷል ቢል፣ መካከሉን ልያዝ ያለ ሽማግሌ 15 ነው ብሎ ይፈርዳል። ቡናው በእውነት 17 ከነበረ ገበሬው 2 ኪሎ ተዘረፈ፤ የዘረፈውም ሽማግሌው ነው። ይልቁንም ነጋዴው ይህን ልማድ ካወቀ በሚቀጥለው ሳምንት 11 ብሎ ይጀምራል። እውነት በሁለት አፎች መካከል እኩል ርቀት ላይ የመቀመጥ ግዴታ የለባትም። ጋዜጠኛው «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ ደግሞ እንዲህ አለ» ብሎ ሲጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ቡናውን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነበር። ደግሞስ ሁለት ወገን ብቻ ያለው ነገር ስንት ነው? ሁለት የተጣሉ ጣቢያዎች ስለ አንድ ነገር ሁለቱም ዝም ሊሉ ይችላሉ፤ ከሁለት ዝምታ መካከል የሚያዝ ነገር የለም።

የመንግሥት ጣቢያ ለመንግሥት ቢናገር አይደንቅም የሚለው አስተያየት በከተማችን ሰው አፍ ላይ የተለመደ ስለ ሆነ አልፈርድባቸውም፤ ይሁን እንጂ ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። ይህ ልመና አይደለም፤ የሕገ መንግሥት ትእዛዝ ነው። «በመንግሥት ገንዘብ» የሚለውም ሐረግ ሊያሳስተን አይገባም። ገንዘቡ ጅማ መርካቶ ሱቅ ከፍቶ ግብር የሚከፍለው ነጋዴ፣ ከደመወዙ በየወሩ የሚቆረጥበት መምህር፣ ሳሙና ሲገዛ ታክስ የሚከፍለው ሁሉ ገንዘብ ነው። ለከፋዩ መናገር ግዴታ ከሆነ ከፋዩ እኛ ነን። የግል ጣቢያዎችም ከማስታወቂያ ሰጪዎቻቸው ጋር ያላቸው ነገር በዚሁ መለኪያ ሊታይ ይገባዋል፤ ጸሐፊው ስለ እነርሱ አንድም አላነሡም።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም። ስልክ ላይ የምናየው ነገር በአብዛኛው ከዚያው ከጣቢያና ከጋዜጣ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ የምርጫውም ሥራ አልቀረም፤ ከአዘጋጁ ወደማናየው የኮምፒዩተር ስሌት ተዛወረ እንጂ። ስሌቱ የሚያስቀድመው ብዙ ሰው የሚነካውን፣ የሚቆጣበትንና የሚያጋራውን ነው። ውሸት ሲደጋገም እውነት ይመስላል የሚለው የአገራችን አነጋገርም በምርምር ተፈትኖ የጸና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች በተደጋጋሚ የሰሙትን ዐረፍተ ነገር፣ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሙት ይበልጥ እውነት ነው ሲሉ ገምተዋል። አንድ ነገር በአንድ ቀን ዐሥራ አምስት ጊዜ የሚያሳይ ዕቃ በኪሱ የያዘ ሰው ከአባቱ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የቀረው የቁጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በቁም ነገር እመልሰዋለሁ። ፎክስ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 ሥራ ሲጀምር ሁሉም ከተማ በአንድ ጊዜ አላገኘውም፤ የኬብል ድርጅቶች ቀስ በቀስ ነው ያስገቡት። ስቴፋኖ ዴላቪኛ እና ኢታን ካፕላን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን 9,256 ከተሞችን ወስደው እ.ኤ.አ. በ2000 ምርጫ ጣቢያው የገባባቸውንና ያልገባባቸውን አነጻጸሩ። ጣቢያው በገባባቸው ከተሞች የሪፐብሊካን ፓርቲ ድምፅ ከመቶ ከ0.4 እስከ 0.7 ነጥብ መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት አሳዩ። ጸሐፊው ይህች ምን አላት ይሉ ይሆናል። ያን ምርጫ በወሰነችው የፍሎሪዳ ግዛት አሸናፊው የተለየው በ537 ድምፅ ልዩነት ነው።

ይህ በሰላም ጊዜና በድምፅ መስጫ ሳጥን የታየ ነው። ከዚህ የከፋውን ለማወቅ ወደ አህጉራችን መመልከት ይበቃል። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥርጭት የጀመረው አር.ቲ.ኤል.ኤም. የተባለው ሬዲዮ በሙዚቃውና በጨዋታው የተወደደ ጣቢያ ነበር፤ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ይጠራ ነበር። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱንና አንድ የጋዜጣ ዋና አዘጋጅን በቱትሲዎች ላይ ከተፈጸመው የዘር ማጥፋት ጋር በተያያዘ ጥፋተኛ ብሎ ፈርዶባቸዋል፤ ይግባኙ እ.ኤ.አ. በ2007 ቅጣቱን ቢቀንስም ከጥፋተኝነት ነጻ አላደረጋቸውም። የእኛን ጣቢያዎች ከዚያ ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም፤ እንዲያ ብዬ ብናገር እኔው ራሴ የምቃወመውን ማድረጌ ይሆናል። ያነሣሁት ስያሜ ቀላል ነገር ነው፣ ሰው በቃል አይለወጥም የሚል ክርክር በጽሑፋቸው መካከል ስላለ ነው።

የውጭውን ቁጥር ትተህ የጅማን አሳየኝ የሚሉኝ ከሆነ፣ የጅማን ቁጥር እስካሁን አልቆጠርሁም፤ ስለዚህ አብረን እንድንቆጥር እጋብዛቸዋለሁ። ከተማችንን የሚመለከቱ የአንድ ሳምንት ዜናዎችን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚተላለፉትን፣ ሁለታችንም በየቤታችን ሆነን እንስማና በየራሳችን ደብተር እንመዝግብ፤ ማን ተናገረ፣ ስንት ሰከንድ ተናገረ፣ ባለሥልጣን ነው ወይስ ነዋሪ፣ ነዋሪው የተጠየቀው መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ ባለሥልጣኑ ከጨረሰ በኋላ፣ የተሰጠው ግሥ «ገለጸ» ነው ወይስ «ቅሬታ አቀረበ»፣ በአንቱታ ነው ወይስ በአንተታ። በሌላ ገጽ ደግሞ በዚያ ሳምንት በየሰፈራችን ሆኖ ያየነውንና በዜና ያልሰማነውን እንጻፍ፤ ይህኛው ገጽ ከሁሉም ይልቅ ያጓጓኛል። ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ሁለት የተለያየ አቋም ያለን ሰዎች የቆጠርነው ከተገናኘ፣ የሚያማርር ሰው ራሱ ወገንተኛ ነው የሚለው ሥጋታቸው በእኛ ላይ አይሠራም፤ ካልተገናኘ ደግሞ የተለያየንበትን መስመር ዜናውን እንደገና ሰምተን እናርመዋለን። ቁጥሩ እርሳቸው ትክክል መሆናቸውን ካሳየ ይህን ጽሑፍ የሚያርም ሌላ ጽሑፍ እጽፋለሁ። መልእክታቸውን በዚያው ጽሑፉን ባመጣልኝ ባልደረባዬ በኩል ቢልኩልኝ ይደርሰኛል፤ ሁለቱን ደብተሮች ከመርካቶ ገዝቼ አንደኛውን እርሱ ዘንድ አስቀምጬላቸዋለሁ።